የሌሊት አውቶቡስ በሚሽን ጉዞ፦ ቡድናችሁን ሳይጎድል የማድረሻ ዝርዝር መመሪያ

የሚሽን ቡድኖች ለስብከቱ፣ ለሕክምና አገልግሎቱ፣ ለልጆች ፕሮግራሙ ወራት ሙሉ ይዘጋጃሉ። ከአየር ማረፊያው እስከ አገልግሎቱ ቦታ ያለውን የ14 ሰዓት የሌሊት አውቶቡስ ግን «እንተኛለን፣ ሲነጋ እንደርሳለን» ብለው ያልፉታል። ሲነጋ ግማሹ ቡድን ሲያስመልሰው አድሯል። አንዷ ቦርሳዋን አጥታለች። መሪው ራሱ ቆሞ ያንቀላፋል። የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም ይሰረዛል፣ ሁለተኛውም እንደነገሩ ያልፋል።

እኔ ከታች ያለውን አብዛኛውን የተማርኩት ቡድን ስመራ ተሳስቼ ነው። የምጽፈውም ለቡድን መሪዎች ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፦ ያ ሌሊት እረፍት አይደለም። የተልዕኮው የመጀመሪያ የሥራ ፈረቃ ነው፤ ፈረቃ ደግሞ ድልድል ይፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ በቀን መሄድ ይቻል እንደሆነ አጣሩ። መንገዱን ለሁለት ከፍሎ መሐል ላይ ማደር ከተቻለ እሱን ምረጡ። የሌሊት አውቶቡስ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ወጪ ለማትረፍ ነው። ያ ገንዘብ በማግስቱ 15 ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ተመልሶ ይበላል።

አማራጭ ከሌለ ለአውቶቡስ ድርጅቱ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ። መልስ ሳታገኙ አትክፈሉ።

1. ስንት ሹፌር ነው የሚሄደው? ከ9 ሰዓት በላይ ለሚነዳ መንገድ ሁለት ሹፌር ጠይቁ። መለኪያ ካስፈለጋችሁ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል፤ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው ከ9 ሰዓት አይበልጥም። «አንድ ነው፣ ግን መንገዱን ለምዶታል» ካሏችሁ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። «ጌታ ይጠብቀናል» የሁለተኛው ሹፌር ምትክ አይደለም።
2. የት የት ይቆማል? ለስንት ደቂቃ? ውስጡ ሽንት ቤት አለው ቢሏችሁም ጠይቁ። አለ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም።
3. ድንበሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ሌሊት የሚዘጉ ኬላዎች አሉ። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ደርሶ በሩ ንጋት 12 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ፣ 5 ሰዓት ብርድ ላይ ትቀመጣላችሁ።
4. ለሁሉም ወንበር የደኅንነት ቀበቶ አለ?

የሰዓት ነገር ብዙ ቡድን ጥሎ አስቀርቷል። ውጭ አገር የሚቆረጥ ትኬት ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 20:00 ማለት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ዋናው ወጥመድ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚነሣው ነው። ትኬቱ ላይ «አርብ 00:30» ከተጻፈ፣ መናኸሪያ መገኘት ያለባችሁ ሐሙስ ማታ ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነውና። አርብ ማታ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ብትሄዱ አውቶቡሱ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የመነሻውን ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ለቡድኑ ላኩ። ድንበር ስትሻገሩ የሰዓት ክልሉ ይለወጥ እንደሆነም አረጋግጡ።

በመጨረሻም ለተቀባዮቻችሁ ደውሉና የደረሳችሁበት ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ ባዶ እንዲሆን ንገሯቸው። እንግዳ አክባሪ ሰዎች ልክ ስትወርዱ ጉባኤ ሰብስበው ይጠብቃሉ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከወዲሁ በስልክ ተናገሩ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

ጉዞው ከመነሣቱ ቢያንስ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

- ፓስፖርት። ብዙ አገሮች ከመግቢያው ቀን ጀምሮ 6 ወር የቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ባዶ ገጽ መኖሩንም እዩ።
- ቪዛ። አውቶቡሱ የሚያልፍባቸውን አገሮች በሙሉ ቁጠሩ፤ የምታልፉበት አገርም ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ስትመለሱም በዚያው ካለፋችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃችሁም። በብዙ አገሮች የሃይማኖት ወይም የበጎ ፈቃድ ሥራ በቱሪስት ቪዛ አይፈቀድም፤ ኤምባሲውን በግልጽ ጠይቁ። መጽሐፍና ትራክት (የስብከት በራሪ ጽሑፍ) ማስገባትን የሚከለክሉም አሉ። «እናልፋለን» ብላችሁ አትሂዱ፤ የሚቀጣው ብዙ ጊዜ እናንተ ሳትሆኑ የተቀበላችሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።
- የቢጫ ወባ ካርድ። የሚጠይቅ አገር ካለ፣ ክትባቱ ሕጋዊ የሚሆነው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንዴ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ እሰሩት።
- ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ። ከሁለቱም ወላጅ የተፈረመና በሕግ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ሌሊት ድንበር ላይ እናት በስልክ «ፈቅጃለሁ» ብትል የሚሰማት የለም።
- መድኃኒት። በሐኪም የታዘዘ ሁሉ በራሱ ዕቃ፣ ከማዘዣው ጋር። ለእንቅልፍ፣ ለሕመምና ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በአንዳንድ አገሮች የተከለከሉ ናቸው።

የሁሉንም ሰው ፓስፖርትና ቪዛ ፎቶ አንስታችሁ መሪውና ምክትሉ ስልክ ላይ አስቀምጡ። አንድ የወረቀት ቅጂም ይኑር። ዋናዎቹን ፓስፖርቶች ግን ሰብስባችሁ በአንድ ቦርሳ አትያዙ። ያ ቦርሳ ከጠፋ ቡድኑ በሙሉ ታሰረ ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ በሦስት ቦታ

*ገላ ላይ፦* ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ስልክ። ከልብስ ሥር በሚታሰር የወገብ ቦርሳ ይሁን። ስትተኙም፣ ሽንት ቤት ስትገቡም አይወልቅ። የጋራውን ገንዘብ ቢያንስ ለሦስት ሰው አከፋፍሉት።

*እግር ሥር፦* አንድ ትንሽ ቦርሳ፣ ማሰሪያው በቁርጭምጭሚታችሁ ወይም በወንበሩ እግር የተጠለፈ። ውስጡ፦ 1 ሊትር ተኩል ውኃ፣ ቀላል ምግብ፣ ጃኬት፣ ካልሲ፣ ሶፍት፣ ሳኒታይዘር፣ የራስ መድኃኒት፣ ፓወር ባንክ፣ ትንሽ ባትሪ መብራት፣ ሦስት ያልተቀደደ ፌስታል። ፌስታሉን በአፋችሁ ንፉትና ፈትሹ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀዳዳ እንዳለው ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

*ሆድ ዕቃ ውስጥ (ከአውቶቡሱ ሥር ያለው የሻንጣ መጫኛ)፦* ቢጠፋ ጉዞው የማይቆምበት ዕቃ ብቻ። ሻንጣዎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ደማቅ ጨርቅ ምልክት አድርጉ። ሲጫኑ አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ ይቁጠር፣ የተቀበለውን ቁራጭ ወረቀት ይያዝ።

ሰዎች ጃኬታቸውን ሻንጣ ውስጥ ይጨምሩና «አገሩ ሞቃት ነው» ይላሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ኤሲ ግን ስለ አገሩ አየር ግድ የለውም። አንዳንዱ ሹፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው ሆን ብሎ ያቀዘቅዘዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ አደራ አትቀበሉ። መናኸሪያ ላይ «ወንድሜ እዚያ ይቀበላችኋል፣ ትንሽ ነገር ናት» የሚል ሰው አይጠፋም። አማኝ ነኝ ቢልም፣ እያለቀሰ ቢለምንም፣ እንቢ በሉ። ድንበር ላይ ዕቃው የተገኘው ማን ቦርሳ ውስጥ ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ይህን ለቡድኑ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሩኅሩኅ የሆነው ልጅ ነው ቀድሞ የሚወድቀው።

ደረጃ 4፦ የመድኃኒት ቦርሳ

አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን፣ ቦርሳው እሱ እግር ሥር ይሁን። ሆድ ዕቃ ውስጥ የገባ መድኃኒት የለም ማለት ነው።

ለማስመለስ። የሚያጥወለውለን የውስጥ ጆሯችን «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዓይናችን ደግሞ «ቁጭ ብለናል» ሲል ነው። ስልክ ማየት የሚያባብሰው ለዚህ ነው። እንደ ዲመንሃይድሪኔት ያሉ መድኃኒቶች ከመነሣት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድመው ይዋጣሉ። ማስመለሱ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም፤ አብሮ ይወጣል። ያስተኛሉና ፈረቃ ላይ ያለ ሰው አይውሰድ። ነፍሰ ጡር፣ የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ማንም ሰው አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ ላይ አይሞክር።

ለተቅማጥ። ዋናው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን በጥብጡት፤ አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው። ካለቀ፣ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ማብዛት አደገኛ ነው፣ በግምት አትጨምሩ። ተቅማጥ የሚያቆመውን ሎፔራማይድ ደም ወይም ትኩሳት ላለበት ሰው አትስጡ።

የቀረው፦ የሕመም ማስታገሻ፣ ቴርሞሜትር፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት። ወባ ወዳለበት አገር ከሆነ የመከላከያ ኪኒኑን ሐኪም አስቀድሞ ይዘዝ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነክሰው በምሽትና በሌሊት ነው፤ ማለትም እናንተ ፌርማታ ላይ በአጭር እጅጌ ስትቆሙ።

ደረጃ 5፦ የወንበር ድልድል

«እንደ ደረሳችሁ ተቀመጡ» አትበሉ። ወረቀት ላይ ሥሩት።

1. የሚያጥወለውላቸውን ከመሐል ወደ ፊት፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል አስቀምጡ። የኋላው ወንበር እንደ ፈረስ ያዘልላል።
2. እግራቸው መዘርጋት ያለበትን፣ ረጃጅሞችንና ሆዳቸው የሚያስቸግራቸውን በመተላለፊያው በኩል።
3. ሽንት ቤቱ አጠገብ ማንንም አታስቀምጡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ሽታው አያስተኛም።
4. ለብቻቸው የሚጓዙ እህቶች ከማያውቁት ሰው አጠገብ አይቀመጡ።
5. አንድ ወንበር ሹፌሩን ማየት ከሚቻልበት ቦታ ለተረኛ ጠባቂ ያዙ።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጓደኛና አንድ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ የሚያገለግለው ደረጃ 8 ላይ ነው፤ ከመመሪያው በሙሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙ።

ደረጃ 6፦ የመነሻው ቀን

የጉዞውን ቀን የጾም ቀን አታድርጉት። ይህን ስል የሚቆጡኝ መሪዎች አሉ። ጹሙ፣ ግን ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱ። ጦም ሆድና ውኃ የጠማው ሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ራሱን ይስታል።

ከመሳፈር ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ፣ ቅባት የሌለው ምግብ ብሉ። ቅመም የበዛበት ወይም ያልተበሰለ ነገር አትንኩ። ውኃ ቀኑን ሙሉ ጠጡ፤ ማታ ላይ ቀስ እያላችሁ ተጎንጩ። ሽንት ቤት ፈርቶ ጭራሽ ውኃ መተው ራስ ምታትና ድርቀት ያመጣል። ቡና ለመተኛት የተመደበ ሰው ከከሰዓት በኋላ አይጠጣ።

ከመሳፈራችሁ 1 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ተገኙ። የአካባቢውን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ጉግል ማፕስ ያለ ኢንተርኔትም የወረደውን ካርታና የቆማችሁበትን ቦታ ያሳያል። የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ አንሡ። ፌርማታ ላይ ስድስት ተመሳሳይ አውቶቡስ ተደርድሮ ስታዩ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሞተሩ ሳይነሣ የአደጋ መውጫዎቹን እዩ፤ መስኮት መስበሪያ መዶሻ ካለ የት እንደተሰቀለ ለሁሉም አሳዩ። መስተዋት የሚመታው ጥጉ ላይ ነው። መሐሉን ብትመቱት በቀላሉ አይሰበርም።

ደረጃ 7፦ ሌሊቱ

የመጀመሪያው ሰዓት። ጸልዩ፣ አንድ መዝሙር ዘምሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። አውቶቡሱ ጉባኤ አይደለም። አብሯችሁ የተሳፈረው ሰው ለመተኛት ከፍሏል። እስከ እኩለ ሌሊት ጊታር የመታ ቡድን በማግስቱ ለዚያ ሰው ስለ ፍቅር ቢነግረው አይሰማውም።

ፈረቃ። ሁለት ሁለት ሰው፣ ለሁለት ሁለት ሰዓት፦ ከምሽቱ 4–6፣ 6–8፣ 8–10፣ 10–12። የሚረከበውን 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ቀስቅሱት፤ ከእንቅልፍ የባነነ ሰው ወዲያው አይነቃም። መሪው «እኔ ሌሊቱን ሙሉ እነቃለሁ» ካለ ከልክሉት። ጀግንነት ይመስላል፤ ጠዋት ላይ ግን አስፈላጊውን ውሳኔ የሚሰጠው እሱ ነው።

የጠባቂዎቹ ሥራ ሹፌሩን ማየት፣ መተላለፊያውንና ቦርሳዎቹን ማየት፣ በየሰዓቱ የት እንደደረሱ ካርታው ላይ ማየትና የደረሱበትን ቦታ ለተቀባዮቹ መላክ ነው።

ሹፌሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሰውነት እንቅልፍ የሚጠይቅበት ሰዓት ነው። መሥመር መሳት፣ ዘግይቶ ፍሬን መያዝ፣ ደጋግሞ ማዛጋት፣ አንገት መስበር ካያችሁ አትጠብቁ። ወደ ረዳቱ ሂዱና «አንድ ሰው መውረድ አለበት» በሉ። ያ ሰው እናንተ ናችሁ። ከወረዳችሁ በኋላ ሹፌሩን አክብራችሁ ቡና ጋብዙትና 20 ደቂቃ እንዲያሸልብ ለምኑት። ቡና ጠጥቶ ወዲያው ትንሽ መተኛት ይረዳል። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ እንቅልፍን አያባርርም። ሁለተኛው ሹፌር ካለ እንዲለውጠው ጠይቁ።

እግር። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ከፍ ያደርጋል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ነፍሰ ጡር፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ፣ ካንሰር ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክር። የነቃ ሁሉ በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዙን 20 ጊዜ ያንሣ፣ ከዚያ ጣቶቹን 20 ጊዜ። እግር አታነባብሩ። በየፌርማታው ውረዱና ተራመዱ። አደንዝዞ የሚያስተኛ መድኃኒት አትውሰዱ፤ ሰውነት 8 ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ያድራል።

ቀበቶ ታስሮ ነው የሚተኛው። ወለል ላይ ወይም መተላለፊያ ላይ የተኛ ሰው ካያችሁ አስነሡት።

ደረጃ 8፦ ፌርማታ

አንድ ሌሊት 14 ሆነን ስንጓዝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ አውቶቡሱ ቆመ። ወረድን፣ ተሳፈርን። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ «ሁላችንም አለን?» አልኩ። «አለን!» አሉ፣ ግማሹ ዓይኑን ሳይገልጥ። ሄድን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ከኋላ ስልክ ጮኸ። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። የስልኩ ብርሃን የሚታየው ባዶ ወንበር ላይ ነበር፤ ፓወር ባንኩ እንደተሰካ። የደወለው ራሱ የስልኩ ባለቤት ነው፣ ከነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ስልክ። ጥርሱን ሊቦርሽ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዶ ነበር። ሹፌሩ አልመለስም አለ። ልጁ ሲነጋ በሌላ አውቶቡስ ደረሰ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደጨበጠ።

«ሁላችንም አለን?» ተብሎ አይጠየቅም። የሌለ ሰው «የለሁም» አይልም። እንዲህ አድርጉ፦

1. አውቶቡሱ ሳይቆም ጠባቂዎቹ ሁሉንም ያንቁ። የመነሻ ሰዓቱን ረዳቱን ጠይቁና ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ለቡድኑ 5 ደቂቃ ቀንሳችሁ ንገሩ።
2. ማንም ለብቻው አይውረድ። ጥንዶቹ አብረው ይሂዱ፣ አብረው ይመለሱ።
3. ስልክ አውቶቡስ ላይ አይቅር። ፓስፖርትም ሶፍትም ይዘው ይውረዱ።
4. አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ሥራው ረዳቱን ማነጋገርና አውቶቡሱ እንዳይነሣ ማድረግ ነው።
5. ሲሳፈሩ በቁጥር ጥሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር በራሱ አፍ ይናገር። ለጓደኛው የሚመልስ አይኑር።
6. ቁጥሩ ሞልቶ መሪው «ሞልተናል» ሳይል በሩ ላይ ያለው አይግባ።

የሚበላ ነገር የምትገዙ ከሆነ የታሸገ፣ ወይም ዓይናችሁ እያየ በደንብ የበሰለና ትኩስ የሆነ ይሁን። በረዶ ያለበት መጠጥ ይቅርባችሁ።

ደረጃ 9፦ ድንበር

አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰልፍ አለ፤ የምትወጡበት አገርና የምትገቡበት አገር። የመውጫ ማኅተም ሳታስመቱ አትሻገሩ። ሌሊት ሰው በእንቅልፍ ልቡ የፊቱን ተከትሎ ያልፋል፤ ስንመለስ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ምክትሉ መጀመሪያ ይሰለፍ፣ መሪው መጨረሻ። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀንና የተፈቀደላችሁን የቀን ብዛት እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የማይነበብ ከሆነ በትሕትና እንዲደገም ጠይቁ። ለጥያቄ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡ፤ 14 ሰው 14 ዓይነት ታሪክ እንዳያወራ የአድራሻችሁን፣ የተቀባያችሁንና የቆይታችሁን መረጃ አስቀድማችሁ አስጠኑ። ፎቶ አታንሡ። «ወረፋ ላሳልፍህ» ብሎ ፓስፖርት ለሚጠይቅ ሰው አትስጡ። የጋራ ገንዘብ የያዘ ሰው የማሳወቂያውን ጣሪያ ይወቅ፤ ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ የሚገባ ማሳወቅ አለበት።

አውቶቡሱ ከኬላው ወዲያ ማዶ ይጠብቃል ይሏችኋል። የት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትውረዱ። ተሻግራችሁ ስትሳፈሩ እንደገና በቁጥር ጥሩ።

ደረጃ 10፦ ሲበላሽ

አውቶቡሱ ቆመ። ሁሉም ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ልብስ ለብሶ፣ ከመንገዱ ርቆ ይቁም። ከአውቶቡሱ ኋላ አትቁሙ፤ ሌሊት ከኋላ የሚመጣ መኪና የቆመውን ቶሎ አያይም። ሦስት ማዕዘን ምልክት መቀመጡን ረዳቱን ጠይቁ። ቦታውን ከካርታው ወስዳችሁ ለተቀባዮቹ ላኩ። ጎሚስታ የሚመጣ ከሆነ ጠብቁ። ባለፈ ባገደመ የጭነት መኪና ተከፋፍላችሁ አትሂዱ።

ሰው ቀረ። አውቶቡሱን ወዲያው አስቁሙ። ሊመለስ ካልቻለ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው ከተማ ወርደው ይጠብቁት። ቡድኑ ከመነሻው የሚያውቀው አንድ ሕግ ይኑር፦ የቀረ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም፣ መብራትና ሰው ያለበት ቦታ ሆኖ ለመሪው ይደውላል። ለዚህም የመሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ገላው ላይ ይያዝ። ደረጃ 8 ላይ የነገርኳችሁ ልጅ ወደ ራሱ ስልክ የደወለው በቃሉ የሚያውቀው ሌላ ቁጥር ስላልነበረው ነው።

ሰው እያስመለሰው ነው። ወደ ፊት አምጡት፣ ራሱን መደገፊያው ላይ አስደግፉት፣ ዓይኑን ይጨፍን። አየር ስጡት። ፌስታሉን ድርብ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጓንት ተጠቀሙ። ለግማሽ ሰዓት ምንም አይዋጥ፤ ከዚያ ውኃ በትንሽ በትንሹ። ውኃ እንኳ መያዝ ካቃተው፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ንግግሩ ከተምታታ በሚቀጥለው ከተማ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከእሱ ጋር ቋንቋ የሚችል ሰው ይውረድ።

አንድ እግር ብቻ አበጠ፣ ሞቀ፣ አመመ። አትሹት። እንደደረሳችሁ ሐኪም ይየው። ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ መድረሻችሁን አትጠብቁ፤ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ሁለቱም እግር እኩል ማበጥ ግን ከመቀመጥ የተነሣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው።

ፓስፖርት ጠፋ። ወንበር ሥርና ሽንት ቤት ፈልጉ። ካልተገኘ የፖሊስ ማስረጃ ያዙ፤ ኤምባሲው ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። ፎቶው ስልካችሁ ላይ ያለው ለዚህ ቀን ነው።

ጭስ ወይም ግጭት። ዕቃ አይያዝም። ቀበቶ ፍቱ፣ ውጡ፣ ራቁ፣ በቁጥር ጥሩ።

ደረጃ 11፦ ሲነጋ

ከመውረዳችሁ በፊት ወንበር ሥርና ከላይ ያለውን መደርደሪያ በስልክ መብራት ፈትሹ። መነጽር፣ ቻርጀርና መጽሐፍ ቅዱስ የሚቀሩት እዚያ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ወርዶ ሆድ ዕቃው አጠገብ ይቁም፤ ሻንጣዎቹን በደማቁ ጨርቅ ይቁጠር። ከዚያ ሰው ቁጠሩ።

ተቀባዮቹን ሰላም በሉ፣ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ታጠቡ፣ ቁርስ ብሉ። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኙ። ቀኑን ሙሉ አትተኙ፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላችኋል። የመጨረሻውን ፈረቃ የጠበቀ ሰው በዚያ ቀን መኪና አይንዳ፣ መርፌ አይውጋ፣ ልጆችም አይጠብቅ።

ደረጃ 12፦ መመለሻው

ሁሉም ደክሟል፣ ሁሉም መንገዱን ያወቀው ይመስለዋል። ከደረጃ 3 እስከ 9 ያለውን እንዳለ ድገሙት።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ ቪዛችሁ የሚያበቃበትን ቀን ከአውቶቡሱ ሰዓት ጋር አስተያዩ። ቪዛው በ20ኛው ቀን የሚያበቃ ከሆነና አውቶቡሱ በ20ኛው ቀን ምሽት ተነሥቶ ድንበሩ ላይ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ፣ ኬላው ላይ የምትቆሙት በ21ኛው ቀን ነው። አንድ ቀን አሳልፋችኋል ማለት ነው። መቀጫው የሚቆጠረው በየሰዉ ነው። ትኬቱን አንድ ቀን ቀደም አድርጋችሁ ቁረጡ።